ስለ ብቸኛው ሰው በመፃጉዕ ሰንበት የሆነው

ብቸኝነት ከደዌያት ሁሉ ረቂቁና ስውሩ ነው፤ ሌላው ሕማም በገጽ ይነበባል፣ በትኩሳት ይታወቃል፣ በመድኃኒት ይታከማል፤ ይህኛው ግን በሰው መካከል እየተመላለሰ፣ በአደባባይ እጅ እየተነሣለት፣ በከበሬታ ስፍራ እየተቀመጠ የተሸካሚውን ልብ ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ምናልባት በሰርግ ዳስ መካከል፣ ሁሉ ሲስቅና ሁሉ ሲጫወት፣ ይህን ደዌ በጎንህ ተቀምጦ አግኝተኸው ይሆናል። ፈጣሪ ሰው ብቻውን መሆኑ መልካም እንዳይደለ የፈረደው ኃጢአት ገና ሳይታወቅ፣ አዳም በንጽሕናው ሳለ፣ በገነት ልምላሜ መካከል ነውና፣ ሰው መፈለግን እንደ ነውር ቆጥሮ የሚያፍር ሁሉ ይህን ቢያስብ ከብዙ ሐዘን በዳነ ነበር። እኔም ይህን ታሪክ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ሲጀምር ያስጨንቃል፣ ሲፈጸም ግን ዕረፍት ይሰጣል።

በአባቶቻችን ዘመን፣ በምዕራብ ጉራጌ፣ መሬቱ ወደ ግቤ ቆላ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ወደረ በምትባል መንደር፣ በግእዙ ሥርዓት የምትቀድስ አንዲት የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ቆሞስዋም፣ ማለት አስተዳዳሪ ካህንዋ፣ አባ ላዕከ ማርያም ይባሉ ነበር። እኒህ አባት በሃይማኖት ጽኑዕ፣ በምግባር ንጹሕ፣ በአንደበት ርቱዕ፣ በግእዙም በላቲኑም የበሰሉ ሊቅ ነበሩ፤ ጉድለት ይባል እንደሆነ፣ በየዓመቱ በዚያው ሰንበት ያንኑ ስብከት አንዲት ቃል ሳይለውጡ መድገማቸው ብቻ ነበር፤ ሕዝቡም ስብከቱን ከመልመዱ የተነሣ የት ላይ ድምፃቸውን ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በዚያች መንደር ደግሞ ከጥንት የመጣ ልማድ ነበረ። የቆሞሱን ምግብ የመንደሩ ቤተ ሰብ ሁሉ በየተራው ያቀርባል፤ ተረኛዋ ሴት ግን የካህን ጸሎት ማቋረጥ ነውር ነውና ወደ ቤት አትገባም፤ ምግቡን በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ከደጃፉ መደብ ላይ አኑራ፣ በሩን ተሳልማ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ትመለሳለች። አባም ወጥተው ያነሣሉ፣ ባርከው ብቻቸውን ይበላሉ። ይህ ነገር ዘመናት ቆየ፤ ሕዝቡ አክብሮት ነው አለው፣ አባም ተጋድሎ ነው አሉት፤ ደስ ይለው እንደሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

በዚያችው መንደር፣ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ዳር፣ አቶ በርጋ የተባሉ ባለጸጋ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ በንግድ ያሳለፉ፣ ሚስታቸው ባረፈች ጊዜ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ትተው፣ የቀረውን ዘመን ከወገኖቻቸው ጋር ለመጨረስ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ወገኖቻቸው ግን የለበሱትን ካባ፣ የተጫሙትን ጫማ፣ የከተማ አነጋገራቸውንም አይተው ፈሯቸው። በጀፎረው ሲያልፉ ተቀማጩ ሁሉ ብድግ ይላል፣ መንገደኛው ሁሉ መንገድ ይለቃል፤ ከደጃቸው የሚገባ ግን አንድ ስንኳ የለም። «የከተማ ሰው ዕረፍት ይወዳል፤ የኛ ወሬ ምን ያደርግለታል?» ይባባላል መንደሩ። እንዲህ ሲሆን ሲሆን፣ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት ከሆነው ከመፃጉዕ በፊት ባለው ሳምንት፣ አቶ በርጋ ሊናዘዙ ወደ አባ ላዕከ ማርያም ቀረቡ። የኑዛዜ ቃል በምስጢር ማኅተም ታትሞ የሚቀር ሲሆን ይህ ጸሐፊ ከወዴት አገኘው ብለህ ብትጠረጥር፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥርጣሬህን አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ ያለው በካህኑ አፍ ላይ ነው፣ ተናዛዡ ግን የራሱን ነገር ለመናገር ነጻ ነው፤ አቶ በርጋም በኋለኛው ዘመናቸው ይህን ታሪክ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ሳይታክቱ ይተርኩት ነበር።

«አባ» አሉ አቶ በርጋ፣ «ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያሳልፈኛል፤ ቁጭ ብሎ ያነጋገረኝ ግን ከመጣሁ ወዲህ የለም። ድምፄ እንዳይጠፋኝ ብዬ ከላሜ ጋር የማወራበት ቀን አለ። እንግዲህ ደከመኝ። ወደ ግቤ ቆላ ልወርድ ቆርጫለሁ፤ ወርጄም በሕይወት አልመለስም።» ካህኑ ደነገጡ፤ ሕይወት የእግዚአብሔር አደራ መሆንዋን አስረዱ፣ ለመኑ፣ ገሠጹ፤ በመጨረሻም «ይህን ነገር ከዚህ ውጭ እንዳነሣው ይፍቀዱልኝ፤ የሚጠይቅዎ ሰው ልላክልዎ» አሉ። «አይሆንም» አሉ አቶ በርጋ። «አዝኖልኝ የሚመጣ እንግዳ አልፈልግም። የነገርኩዎ እዚሁ ይቅር። የመፃጉዕን ቅዳሴ ግን ሳልሰማ አልሄድም፤ መሄዴ በማግስቱ ነው።» ከዚያም ተሳልመው ወጡ።

የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን በኑዛዜ የሰማውን በቃል ቀርቶ በጥቅሻ፣ በጥቅሻ ቀርቶ በፊቱ መለወጥ ስንኳ ሊገልጥ አይቻለውም፤ ሕይወቱን ቢጠይቁት ሕይወቱን ይሰጣል እንጂ ያን ቃል አይሰጥም። ስለዚህ አባ ላዕከ ማርያም በዚያ ሳምንት እጅና እግሩን እንደ ታሰረ ሰው ሆኑ። ሰው ልከው አቶ በርጋን ማስጠየቅ ምስጢሩን ማውጣት ነው፤ ራሳቸው ሄደው ደጁን ቢያንኳኩ፣ በዘመናቸው ያላደረጉትን ማድረጋቸው ነውና መንደሩ ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ይመረምራል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ሰውየው ይጠፋል። ጾመው ጨመሩበት፣ ጸልየው ጨመሩበት፣ ከደጃፋቸው የሚቀመጠው ገበታም ሳይነካ መመለስ ጀመረ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ የዚያ ሰንበት ምንባብ እርሳቸው ሳይወለዱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተወሰነ፣ በመጠመቂያው ዳር ስለ ወደቀውና ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስላጣው ድውይ የሚናገር ነውና፣ እርሱን ቢሰብኩ ስለ አንድ ሰው ተናገሩ ብሎ የሚጠረጥራቸው አይኖርም። አንድ ሰው ብቻ የሚሰማውን ነገር ለሕዝብ ሁሉ መናገር ነበረባቸው፤ ይህም ከተማሩት ትምህርት ሁሉ የከበደ ሆነባቸው።

ሰንበት ደረሰ፤ ወንጌሉ ተነበበ፤ አባም ወደ ሕዝቡ ዞረው ያን የለመዱትን፣ በሦስት ክፍል የተከፈለውን፣ በምሳሌና በምስጢር ያጌጠውን ስብከት ጀመሩ። ሕዝቡ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ በርጋ በምሰሶው አጠገብ ነበሩ፤ ካህኑም ወደዚያ ላለማየት ሲሉ ጣሪያውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ የገዛ እጃቸውን አዩ። ነገር ግን «ሰብእ አልብየ»፣ ሰው የለኝም፣ ከሚለው ቃል ላይ በደረሱ ጊዜ፣ ያን በየዓመቱ በቀላሉ የሚያልፉትን ቃል ሊያልፉት ሞከሩ፣ አቃታቸው፤ አንብዓቸውም በሕዝብ ፊት በጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስብከቱ ስብከት መሆኑ ቀረ። «ልጆቼ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ይህ ሰው ሰው የለኝም ያለው በምድረ በዳ አይደለም፤ ሕዝብ በሞላበት ነው። ጌታችንም መጥቶ አስቀድሞ ያደረገለት ምንድን ነው? አነጋገረው። ሰው የለኝም ለሚል ሁሉ እግዚአብሔር ራሱ ሰው ሆኖ መጥቶለታል፤ ፍቅሩ ይህ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ እኔ አላውቅም። እኛ ግን እርስ በርሳችን መከባበሩን ይዘን መቀራረቡን ጣልነው።» ይህን ብለው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ትተው፣ ወደ መንበሩ ተመለሱ። የጨፈኑት ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ገልጠው ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው ዝግባ ሥር ቆመ፤ እንደ ወትሮው አልተበተነም። ሁሉም አንድ ነገር ይመረምራል፤ አባ ያለቀሱት ስለ ማን ነው? በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ፈለቀች የምትባል፣ ልብዋ ቸር ምላስዋም ፈጣን የሆነች፣ የዚያን ሳምንት የቆሞሱን ምግብ ታቀርብ የነበረች ሴት፣ ነገሩን ፈታሁት አለች። «ስለ ራሳቸው ነዋ! ገበታው ሳይነካ ሲመለስልኝ ሰነበተ፤ አመማቸው ብዬ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ ከመካከላችን ከአባ ጋር ቁጭ ብሎ እህል የቀመሰ ማን አለ? እንደ እስር ቤት ዘብ ምግባቸውን ከደጅ አድርሰን እንሸሻለን። ሰው የለኝም ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል?» ሕዝቡ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ፤ ዛሬውኑ ሁላችን እንሂድ ተባለ። ነገር ግን ሌላ ጭንቀት መጣ፤ ከሊቅ ጋር ምን ይወራል? ጎመንና ቆጮ ይዞ መግባት ቀላል ነው፤ ከገቡ በኋላ ያለው ዝምታ ግን አስፈራቸው። ያን ጊዜ አንዱ «አቶ በርጋ አሉ አይደል? አገር ያዩ፣ ጨዋታ የሚያውቁ፣ በዕድሜም እኩያቸው ናቸው» አለ፤ ነገሩ ለሁሉ ደስ አሰኘ። እንዲህም ሆኖ የወደረ ሕዝብ፣ አንድ ብቸኛ ሰው ለማጽናናት ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌላው ብቸኛ ሰው ቤት ገባ።

አቶ በርጋ የቤታቸውን ዕቃ ሰብስበው አስረው፣ ላማቸውን ለጎረቤት እንዲሰጥላቸው ለማን እንደሚናገሩ እያሰቡ ተቀምጠው ነበር። ደጃቸው በሰው ሲሞላ ካህኑ ምስጢራቸውን ያወጡ መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። ወይዘሮ ፈለቀች ግን «አባቴ፣ ልናስቸግርዎ መጣን» አለች። «አባ ላዕከ ማርያም ሰው አጥተው ተክዘዋል፤ እኛ ለእሳቸው የሚሆን ጨዋታ አናውቅም። እርስዎ ካልመጡልን አይሆንልንም።» ስብከቱ ስለ ማን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቁ አዛውንቱ ብቻ ነበሩ። «ነገ መንገድ አለብኝ» አሉ። «ነገን ነገ ያዩታል፤ ዛሬ ግን ይምጡልን» አለች። ካልመጡልን አይሆንልንም ያላቸው ሰው ከስንት ዘመን በኋላ መገኘቱን አሰቡና፣ ካባቸውን ደርበው ተነሡ።

በቆሞሱ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ተቀመጠ፣ ቦታ ያጣው ቆመ፤ የኮባው ቅጠል ተገለጠ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ ጎመኑም ቀረበ። አባ ላዕከ ማርያም ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ፣ በመካከሉም አቶ በርጋን ሲያዩ፣ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም፤ ወይዘሮ ፈለቀች ግን ነገር በሆድዋ የምታሳድር አይደለችምና፣ በሁሉ ፊት ጠየቀቻቸው። «አባ፣ ያ ሰው የሌለው ሰው እርስዎ ነዎት፤ አይደለም?» አባ አይደለሁም ቢሉ፣ ሕዝቡ ታዲያ ማን ነው ብሎ ከቤት ቤት ይፈልጋል፣ ፈልጎም ያገኛል፤ አዎ ቢሉ ደግሞ በሸበተ ራሳቸው መዋሸታቸው ነው። አቶ በርጋ ከተቀመጡበት ሆነው የካህኑን ከንፈር ይመለከቱ ነበር፤ ነፍሳቸው በዚያች መልስ ላይ ተንጠልጥላለች። አባም የሚሉትን ፍለጋ ወደ ገዛ ልባቸው ተመለከቱ፤ በዚያም ከደጃፍ መደብ ላይ ብቻቸውን ያነሡትን ገበታ ሁሉ፣ ተጋድሎ ብለው የሰየሙትን ዝምታ ሁሉ፣ ተደርድሮ አገኙት፤ እውነቱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሳቸውም ተሰውሮ ነበር። «አዎ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አቶ በርጋ ግን ይህ አባት ምስጢራቸውን ለመጠበቅ በሕዝብ ፊት እፍረታቸውን እንደ ተሸከሙላቸው አወቁ፤ የአባን ፊት አይተውም ቃሉ እውነት መሆኑን ጨምረው አወቁ፤ እንዲህ ያለ ባልንጀራ በዚህችው መንደር ሳለ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲበሉ መኖራቸው እጅግ ገረማቸው። ተነሥተው ከአባ ጎን ተቀመጡ፣ ከቆጮውም ቆርሰው አጎረሷቸው። «አባ» አሉ፣ «እንግዲህ ነገም እመጣለሁ።» ወይዘሮ ፈለቀች ይህን ሰምታ «ነገ መንገድ አለብኝ አላሉም እንዴ?» ብትላቸው፣ «መንገዱ ቀርቷል» አሏት። አባ ላዕከ ማርያም ደስታቸውን ስንኳ መግለጥ የተከለከሉ ነበሩና፣ ጉርሻውን እያላመጡ ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ እህሉ ግን ያን ጊዜ ጣማቸው።

በማግስቱም አቶ በርጋ መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ፤ ጾሙ አልቆ ፋሲካ እስኪሆን፣ ከፋሲካም በኋላ ሁለቱ አዛውንቶች በአንድ ገበታ ቀረቡ፤ ስለ ስብከቱ ግን አንድም ቀን አንዳቸው ለሌላው አላነሡም። ተረኛይቱም ሴት ምግቡን ከመደቡ ላይ ማኖርዋን ትታ ገብታ ትቀመጥ ጀመር፤ አባ ወሬ እንደሚወዱም ያን ጊዜ ታወቀ። በሚመጣው ዓመት የመፃጉዕ ሰንበት ያን ያማረ ስብከታቸውን ሦስቱንም ክፍል ሳያስቀሩ ደገሙት፤ ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፍቅር ከሩቅ ቆሞ እጅ ሲነሣ አክብሮት ይባላል፤ ቀርቦ ከገበታው ሲቀመጥ ግን የእግዚአብሔርን ስም ይወርሳል።