ጨዋዋ ሚስትና የሰር ኦብሪ ዊግ

ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ቲያትር ቤቶቹን ካስከፈቱ ወዲህ፣ ዶርካስ ፔንፎልድ በለንደን መድረክ ላይ ባሏን ስትከዳ ኖራለች። ደግሞም አሳምራ! ቁም ሳጥን ውስጥ ውሽማ ያልደበቀችበት ተውኔት የለም። እቤቷ ግን ከእናቷ ጋር የአተር ሾርባዋን ጠጥታ በጊዜ የምትተኛ ሴት ናት። ማን ይመናት? የለንደን ሰው እንደሆነ መድረክ ላይ ያየውን ይዞ ነው የሚፈርደው።

ዛሬ ለምና ለምና የጨዋዋን ሚስት ቦታ አግኝታለች። የቡድኑ አለቃ ሆብዴይ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት መጣ።

«ስሚኝ ዶርካስ፣ ጨዋ ሴት ተመልካቹን ታስተኛለች እንጂ አታስቅም። እሱስ ይሁን። ግን አንቺ ‹ክብሬ› ስትዪ ከሳቁብሽ አለቀልሽ፤ ነገ ወደ ቁም ሳጥንሽ ትመለሻለሽ።»

«ይሳቁ እንጂ በእኔ አይስቁም» አለች።

የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። በሁለተኛው አፍቃሪው እግሯ ስር ሲንበረከክ፣

«ይነሱ ጌታዬ! ክብሬ የገበያ ዕቃ አይደለም!» አለች።

መድረኩ ዳር፣ እንደ ባላባቶቹ ወግ ከፍሎ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰር ኦብሪ ብርቱካኑን እየላጠ ጮኸ፦

«ኧረ ባክሽ! ትናንት መልበሻ ክፍልሽ ስገባ እንዲህ መች አልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የተንበረከከው አፍቃሪ እንኳ ሳቀ። ዶርካስ አንጀቷ ተቃጠለ፤ ያ ሁሉ ልመና በአንድ ባለጌ አፍ ውሃ ሊበላው!

ትናንት መግባቱስ ገብቷል። ገንዘብ ያለው ሁሉ ሴቶቹ ሲለብሱ ለማየት ሰተት ብሎ ይገባል፤ ከልካይ የለም። ግን ትከሻዋን ሲነካት ምን እንዳገኘው እሱና እሷ ያውቃሉ። ዊጉን አየችው። በአንድ በኩል ጥቅልሉ እንዳማረበት ነው፤ በሌላው በኩል ዝናብ እንደመታት ዶሮ ተለጥፏል።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ። «ትናንት ምንም አላልኩም። የታጠብኩበትን ውሃ ብቻ ደፋሁብዎ። ውይ፣ እስካሁን አልደረቀም እንዴ?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ነበር። ሰር ኦብሪ ዊጉን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ያኔ ሁሉም አየ። ብርቱካን ሻጯ «እሰይ እመቤቴ!» ብላ እልል አለች። ዶርካስ ወደ አፍቃሪው ዞረች።

«እርስዎስ ይነሳሉ ወይስ መታጠቢያ ሳህኑ ይምጣ?»

ብድግ አለ።

«ነገም ሳህኑን እንዳትረሺው» አላት ሆብዴይ መጋረጃው ሲዘጋ፣ የሳቅ እንባውን እየጠረገ። «ጨዋ ሴት እንደምታስቅ አላውቅም ነበር።»

«ማን ጠይቆን!» አለች ዶርካስ።

በማግስቱ ፊቷን እየተቀባባች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዶርካስ ደንግጣ ብሩሿን አስቀመጠች። ያንን በር ከዚያ በፊት ያንኳኳ ወንድ አልነበረም፤ ምን ተብሎ መልስ እንደሚሰጥ እንኳ ጠፋት።

«ማነው?» አለች በመጨረሻ። ደስ ስላላት ደግማ ጠየቀች።