እህል የተባለው ጭነት

ሾፌሩን መንገደኛው ሁሉ «ቀስ በሉ» በሚል ቅጽል ስሙ ነበር የሚያውቀው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከወንዙ ማዶ፣ ጎረቤት አገር የተዳረች አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው፤ ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው።

የሚሠራበት የጭነት ድርጅት ከአገሩ ጦር ጋር ሲዋዋል፣ ጭነቱ እህል ነው ተባለ። ከጦር መጋዘን እየጫነ ድልድዩ አፍ ላይ ያራግፋል፤ የማዶ ሰዎች መጥተው ይወስዳሉ። እህል በረጅም ሳጥን እንደማይጫን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሱ ግን የልጆች አባት ነው፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

አንድ ቀን እህቱ እያለቀሰች ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ወንዶቹን ገበያ መሀል ሰብስበው ፈጇቸው። ባሌንም ገደሉብኝ!»

«እነማን?»

«ታጣቂዎቹ ናቸዋ! ትናንት ዱላ ያልነበራቸው ዛሬ አዲስ ጠመንጃ ታጥቀው መጡ። ከእናንተ አገር ነው የሚላክላቸው ይባላል። እውነት ነው እንዴ?»

«እግዜር ያጽናሽ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት አገር ጦር በሬዲዮ አስጠነቀቀ፤ መሣሪያ መላኩ ካልቆመ መንገዱንም መኪናውንም እንመታለን አለ። እዚህ ያሉት ሹማምንት «የምን መሣሪያ?» ብለው ካዱ።

ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ለአለቃው መለሰ።

«ፈራህ እንዴ?» አለው አለቃው።

«አዎ፣ ፈራሁ።»

ቁልፉን የተረከበው የልብ ጓደኛው ነበር፤ በሾፌሩ እህት ሠርግ ሲጨፍር ጫማው የተበጠሰበት፣ በባዶ እግሩ እስኪነጋ የጨፈረ ሰው።

«አትሂድ፣ ይቅርብህ» ብሎ ሾፌሩ ለመነው።

«አንተ ደግሞ! ስምህ ‹ቀስ በሉ› እንጂ ‹ቁሙ› አይደለም እኮ» ብሎ ሳቀበት።

ሾፌሩ የአማቹን አሟሟት ሊነግረው አፉን ከፈተ። «ታዲያ ስትጭን የኖርከው አንተ አይደለህ?» ቢለኝስ ብሎ ፈራና ዋጠው። ጓደኛው ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከቀትር በኋላ አውሮፕላን መጣ። ድልድዩና መኪናው አብረው ወንዝ ገቡ።

ሾፌሩ በጓደኛው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ እህቱ ደወለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ሞቆ አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰማህ? መኪናቸውን አነደዱላቸው! እሰይ! ዛሬ እንኳ እፎይ ብለን እናድራለን።»

ወደ ደጅ ወጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«የሚነዳው ጓደኛዬ ነበር» አላት።

«ምነው! እሱ ደግሞ እዚያ ምን አገባው?»

«በእኔ ቦታ ገብቶ ነው። ከዚያ በፊት ስጭን የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ሁሉንም።»

እርግማኗን ጠበቀ። እሷ ግን አልተራገመችም፤ ስልኩንም አልዘጋችም። ሁለቱም ከወንዙ ግራና ቀኝ ቆመው አለቀሱ። በመጨረሻ «ልጆቼ እየጠሩኝ ነው» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እሱም ደፍሮ አልደወለላትም። በጀልባ የተሻገረ ሰው ባገኘ ቁጥር ግን «ደህና ናት?» ብሎ ይጠይቃል።

«ደህና ናት» ይሉታል። ሰላምታ ግን ያመጣለት የለም።