ትሉ እስኪበላ

ትሉ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ፣ አንዲት እሸት ባንጠለጠለ የሽምብራ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሟል። ሀዊ የተባይ መድኃኒት የምትሸጥበትን የሱቋን ባንኮኒ ተደግፋ፣ ጋሼ ዳባ ደግሞ ከፊት ለፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከብርጭቆው አልነቀሉም።

ሽማግሌው ብስጭታቸውን ይዘው ከዱከም ካዛንቺስ የደረሱት በማለዳ ነው። ትናንት ማሳቸውን የረጩት ሀዊ ለምናም አግባብታም በሸጠችላቸው ለስላሳ መድኃኒት ነበር። ዛሬ ቢያዩት ሽምብራውን የሚበላው ጓይ ትል እንዳለ አለ፤ አንድም አልረገፈም። የድሮው መድኃኒት ገና ሲረጭ ነበር የሚያራግፈው። አንዱን ትል ከነቅርንጫፉ ቆርጠው በፌስታል አመጡና ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የዚያን የድሮውን ብርቱ መድኃኒት ጠርሙስ በጣታቸው አመለከቱ።

ጠርሙሱን ማውረድ ቀላል ነበር። ግን የሽምብራው እሸት ደርሷል፤ ብርቱው መድኃኒት ሳይለቀው ሰሞኑን ተነቅሎ ከተማ ይገባል። እሸት ደግሞ ማን አጥቦ ይበላል? ከሱቋ ደጅ እሸት ሻጯ ጦቢያ በእቅፍ በእቅፍ አስራ ትሸጣለች። አላፊ አግዳሚው አንዷን ፈልፍሎ ሳይቀምስ አይገዛም፤ ተማሪው እየፈለፈለ እየበላ ነው ቤቱ የሚደርሰው።

«የሸጥኩልዎ መድኃኒት ሆዱን ነው የምትይዘው» አለቻቸው ሀዊ፣ ትሉን ከነቅርንጫፉ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ እየከተተች። «ይሞታል፣ ግን ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ በሕይወት ቢያዩትም አይበላም። እስከ ማምሻው ይቀመጡ፤ እሸቷን ከነካት ጠርሙሱን አወርድልዎታለሁ።»

«ማሳዬን ቁማር አታድርጊብኝ፣ ልጄ።»

እሷም ፈርታለች። ትሉ ትልቅ ነው፤ ለስላሳው መድኃኒት የሚበረታው ደግሞ በትንንሾቹ ላይ ነው። ይሄ አንዱ ቢበላ የጋሼ ዳባ መንደር በሙሉ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ከእንግዲህ የሚሰማትም አይኖርም። ቢሆንም እጇን ወደ መደርደሪያው አልሰደደችም።

ገዢ ገባ፣ ወጣ። ምሳ ሽሮ አስመጣችላቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ብርጭቆው ላይ ጥለው በሉ። ከሰዓት በኋላ ትሉ ተንቀሳቀሰ። እየተሳበ ሄዶ እሸቷን አቀፋት፤ አፉንም አሳረፈባት። ሀዊ ወደ ብርጭቆው አጎነበሰች። ጋሼ ዳባ ከዱካው ብድግ አሉ።

ትሉ እንደዚያው ሆኖ ቆየ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ወደ ጎን ጋደል አለ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አነሱና ወደ ብርሃኑ እያዟዟሩ እሸቷን መረመሯት። አንድም ቀዳዳ የለባትም። የብርጭቆውን አፍ በመሐረባቸው አሰሩ።

«ብርጭቆውን ልውሰደው። ነገም ካልበላ ለጎረቤቶቼ አሳያቸዋለሁ።»

ጠርሙሱን ዞር ብለው ሳያዩት ወጡ። ደጅ ላይ እንደ ልማዳቸው ከጦቢያ እሸት አንዷን ፈልፍለው ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ እጃቸው ግን እዚያው ቀረ።

«ምን ተረጭቶበታል?» አሏት።

ጦቢያ የሚያሾፉባት መስሏት ፈገግ አለች። ፊታቸውን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። እሸት ስትሸጥ ስንት ዘመኗ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እቅፉን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ጥያቄውን ይዛ ወደ ሱቁ ዞረች።

ሀዊ በሩ ላይ ቆማ ነበር።