የዓሣው በረዶ

የጤና ተቆጣጣሪው ሦስተኛውን የማንጎ ሣጥን መንገድ ዳር ገለበጠው። ማንጎዎቹ እየተንከባለሉ አስፋልቱ ድረስ ሄዱ፤ አንዱን የሚያልፍ ታክሲ ጨፈለቀው። የፍራፍሬ ሻጭዋ ሴትዮ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች። አትጮህም፣ አትለምንም። ዋጋ የሚከራከራትን ሁሉ «ሂድ፣ እናትህ ዛፍ ካላት ከሷ ግዛ» እያለች የምታባርር ያች ምላሰኛ ዛሬ ቃል ጠፍቷታል።

ከማዶ ባለጁሷ ባንኮኒዋ ጀርባ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ብርጭቆ ትወለውላለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ ብርጭቆ። ደንበኛ የሚባል የለም። ቅዳሜ እዚህ ቤት ከጠጡት ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች እያስመለሳቸውና እያስቀመጣቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ከመሃላቸው አንዱ፣ የጋራዡ ዘበኛ፣ ዛሬ ሰኞ ንጋት ላይ አርፈዋል። ሽማግሌው በየቀኑ እየመጡ ያለ ስኳር ነበር የሚጠጡት። «የኔን ስኳር አንቺ ውሰጂው፣ ትንሽ ፊትሽ ይፈታ» ይሏት ነበር።

«ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ ወደ ውስጥ» አላት ባሏ ከጓዳ ብቅ ብሎ።

«ማንጎዋን እየደፉባት ነው።»

«ይድፉዋ! ደግሞ ይበቅላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ማታ ያንን ነገር ሽንት ቤት እደፋዋለሁ፣ አለቀ።»

ያ ነገር የተባለው ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከእንጆሪው ከረጢቶች ሥር ተኝቷል።

ቅዳሜ መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ነው የዋለው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሰዉም ለ«ልብ አርስ» እስከ በሩ ድረስ ተሰልፏል። ልብ አርስ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ናና እና የተከሰከሰ በረዶ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ባሏ ነው። በረዶ ከሌለው የሚጠጣው የለም። ስምንት ሰዓት ላይ በረዶው አለቀ። ያን ጊዜ ባሏ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ተሸክሞ ከዓሣ መጋዘኑ መጣ። የዚያ መጋዘን በረዶ ዓሣ እንዳይበላሽ የሚነጠፍ እንጂ አፍ የሚገባ አይደለም። ከወንዙ በተሳበ ውሃ እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ይሄ ለሰው ይሆናል እንዴ?» ብላው ነበር።

«ብርድ ያው ብርድ ነው። ሰዎቹ ሊሄዱብሽ ነው፣ ፍጠኚ።»

እሷም በመዶሻ ከሰከሰችው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ዓሣ ዓሣ ሸተታት። ደፋችው። ሁለተኛውን ስትሠራ ናናውን እጥፍ አደረገችበት፤ ሽታው ጠፋ። ይህን ያየ የለም፣ ባሏም ቢሆን አላየም። እስከ ማታ ድረስ እንደዚያው እያደረገች ሠራች። ደንበኞቹም ወደዱት። ዘበኛው «የዛሬው ናናስ አንጀት ያርሳል» ብለው አስደገሙ። እሷም በገዛ እጇ ደገመችላቸው።

እሑድ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሁሉንም ጠየቀ። በረዶውን ከቧንቧ ውሃ ራሳቸው እንደሚሠሩት፣ ማንጎውን ግን ከማዶ እንደሚገዙት የመለሰው ባሏ ነው። እሷ ወለሉን እያየች ዝም አለች። ተቆጣጣሪው ማዶ ተሻግሮ ሣጥኖቹን ሲፈትሽ ከሥር የበሰበሱ ማንጎዎች አገኘ። ከሥር የበሰበሰ የሌለው ፍራፍሬ ሻጭ የትም የለም፤ ግን ለተቆጣጣሪው በቂ ነበር።

አሁን ተቆጣጣሪው ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣ ሴትዮዋን አስከትሎ ወደ ጁስ ቤቱ ገባ። ላብ ሸሚዙን ከጀርባው አጣብቆታል።

«ማንጎው የሷ ለመሆኑ ፈርሙልኝና ልሂድ» አለ።

«ልጄ» አለች የፍራፍሬ ሻጭዋ። «እስቲ አንቺ ንገሪው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስትወስጂ አንድ ቀን የበሰበሰ ሰጥቼሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣ እትዬ።»

«ይኸው! ለራሴ እንኳ ስበላ የተመታውን መርጬ ነው የምበላው።»

«እናቴ፣ ይህን እዚያው ያስረዳሉ» አላት ተቆጣጣሪው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል። «ከእንግዲህ ነገሩ የፖሊስ ነው። ሰው ሞቷል።»

«ማን ሞተ?»

«የጋራዡ ዘበኛ። አልሰሙም?»

ሴትዮዋ አልሰማችም ነበር። ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። ጣቶቿን አየቻቸው፤ የማንጎው ቢጫ ጥፍሯ ሥር ገብቷል።

«ትልቁን ሣጥን አርብ ነው ያራገፍኩት» አለች ለራሷ። «ወገቤን አሞኝ ከሥር ያለውን ሳላገላብጥ ተውኩት። እንግዲህ እኔ ነኝ የገደልኳቸው ማለት ነው?»

የተቆጣጣሪውን እጅጌ ያዘች።

«ንገሩኝ እንጂ! እኔ ነኝ?»

ባለጁሷ ይህን አልጠበቀችም። ሴትዮዋ ትሳደባለች፣ ትራገማለች፣ እስከ መጨረሻው ትከራከራለች ብላ ነበር፤ ያንንም እንደምንም ችላ ታልፈው ነበር። ጥፋቱን አምና ትቀበላለች ብላ ግን አላሰበችም። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ወደ ፍሪዘሩ ሄዳ የእንጆሪውን ከረጢቶች አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ታወጣ ጀመር።

«አንቺ!» አለ ባሏ። «ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል?»

የተረፈውን በረዶ ከነጆንያው አቅፋ አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «የዓሣ መጋዘን በረዶ ነው። ቅዳሜ የሠራነው በዚህ ነው።»

ተቆጣጣሪው ጆንያውን ገለጥ አድርጎ አየ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ሆስፒታል ደወለ፤ «የወንዝ ውሃ ነው፣ አዎ፣ ለሐኪሙ አሁኑኑ ንገሩት» ሲል ተሰማ። የፍራፍሬ ሻጭዋ ባለጁሷን ቀና ብላ አየቻት።

«እሑድ ሲጠይቃችሁም እዚሁ ነበርሽ» አለቻት።

ባሏ ከባንኮኒው ዞሮ ወጣ። «ጌታዬ፣ አላወቅንም። በልጄ ይዤዎታለሁ፣ ንጹሕ መስሎን ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ሰዉ ተሰልፎ...»

ተቆጣጣሪው አዲስ ቅጽ አውጥቶ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ባለጁሷ አዞረው።

«ባለማወቅ ብዬ ጽፌላችኋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለማወቅ ከሆነ መቀጮና የቤቱ መታሸግ ነው። እያወቁ ከሆነ ግን እስር አለበት። አንብቡና ፈርሙ።»

ባሏ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመና ለሷ ሰጣት። ልጃቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፤ ስምንት ሊሆን ነው። ባለጁሷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሏ ጠጋ ብሎ እግሯን ረገጣት።

«ይህቺን ቃል ይሰርዙልኝ» አለች።

«የቷን?»

«ባለማወቅ የምትለዋን» አለች፣ እስክሪብቶውን እየመለሰችለት። «እሱ አላሸተተውም። እኔ ግን አሽትቼዋለሁ።»