ላምባና ኖራ

መንበረ የመኪናውን ዘንግ በገመድ ከምሰሶው ላይ አንጠልጥላ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ደህና ብረት ሲመታ ድምፁን እያረዘመ ይጮኻል። ይሄ ግን እንደ ነቃ እንስራ አንዴ "ዷ" ብሎ ዝም አለ። ደግማ መታችው። ያው ነው።

አባቷ አምባዬ ሰምቷል። ያልሰማ ለመምሰል ወናፉን አብዝቶ ነፋ።

ድሬዳዋ ባቡር ቤት ሲሠራ የተማረውን ያስተማራት ራሱ ነው። ዘንጉን አውርዳ በላምባ አራሰችው፤ ቆይታ በጨርቅ ወልውላ አደረቀችውና የደቀቀ ኖራ ነሰነሰችበት። ብረት ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ወደ ኖራው ይወጣል። ብዙም አልቆየ፤ ነጩ ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ብቅ ብላ ዘንጉን እስከ ግማሽ ዞረችው።

"ባለ መኪናዎቹን ደህና ነው በያቸው" አለ አምባዬ ሳይዞር።

"አባዬ፣ ይሰበራል።"

"ይሰበራል ካልሽ በኋላ ከተሰበረ፣ ማን ሰበረው እንደሚባል ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። አምና አባቷ የአንድ ነጋዴ የሚዛን መንጠቆ አይቶ አይቆይም አለ። በሳምንቱ ተሰበረና ጆንያው የአንድ ሰው እግር ቀጠቀጠ። የጎሬ ከተማ ሰው በሙሉ ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ መንጠቆውን በዓይኑ በላው ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ እናቷ ስትሞት ለለቅሶ የመጣው ሦስት ሰው ነው፤ ከነሱም አንዱ ቤት ተሳስቶ ነው። ከዚያ ወዲህ አምባዬ ፊት የቀረበ ብረት ሁሉ ደህና ነው።

ውጭ ቡና የጫነችው መኪና በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ወደ መቱ ገበያ የሚወርዱ ሰባት ሰዎች ዘንጉ እስኪመለስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ገደል።

ባለ መኪናው ሸዋንግዛው ገባና ብረቱ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አምባዬ ደህና ነው አለ። መንበረ ቀድማ ኖራውን ጠርጋዋለች።

"ጋሼ፣ አንቱ ራስዎ ይሞክሩት" አለች። "ላምባው ይኸው፣ ኖራው ይኸው። እኔና አባዬ ወደ ግድግዳው እንዞራለን።"

"ብረት ደግሞ መኳል ጀመረ? ሙሽራ ነው እንዴ?"

"ሙሽራ ቢሆንማ እኛን ማን ይጠራን ነበር።"

ሸዋንግዛው ሳቀ፤ ግን የነገረችውን አንድ በአንድ አደረገ። አባትና ልጅ ፊታቸውን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ጨርቁ ሲፈትግ፣ ኖራው ሲነሰነስ ሰሙ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ሲዞሩ ሰውየው በገዛ እጁ ያወጣትን ጥቁር መስመር ቁልቁል እያየ ነበር። አሁን አየ፣ ተገላገልን አለች በልቧ።

"ቅድም እኔ ሳልመጣ አይተሽዋል አይደል?" አላት ቀስ ብሎ።

"አይቻለሁ።"

"ያኔ ነዋ የተሰነጠቀው።"

ሌላ ክርክር አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አስመጣና ዘንጉን ሦስት ጊዜ ረጨው። የዓይን ነገር በጠበል ይለቃል፤ ለቀቀ ማለት ነው። ሹፌሩ ፈንታሁን መልሶ እንዲገጥመው አዘዘ። ኖራው ታጥቦ ስለነበር መስመሯ አትታይም።

መንበረ አባቷን አየችው። ነገም እዚሁ አገር ነው የምንኖረው፣ ዝም በይ አላት። እሷም ዘንጉ እስኪገጠም ጠበቀች።

ሰዎቹ ጆንያው ላይ ወጡ። እታፈራሁ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ሕፃኗን ታቅፋ መሃል ተቀመጠች። መንበረ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የመኪናውን እንጨት ይዛ ወጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ወዴት ነው?" አለ ሸዋንግዛው ከታች።

"መቱ። ስንት ያስከፍላሉ?"

መልስ አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ የሕፃኑን ፊት ትክ ብላ አየችው።

"እንዴት ያምራል፣ እትዬ። እንዴት ያለ ወፍራም ልጅ ነው።"

እታፈራሁ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችው። "ኢጀ ኬ ነራ ገረገልቺ፣ ዓይንሽን አዙሪልኝ" አለች። ቅቤዋን እንኳ ሳታነሳ ዘላ ወረደች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ወረዱ። አምባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

አራት ሰው ቀርቷል። መንበረ አጠገቧ ወደተቀመጠው ጎልማሳ ዞረች። ጥርሱ ያምር ነበር፤ ነገረችው።