አልከፈት ያለው የልብ ሲዲ

ውዳሴ የነርሲንግ ተማሪ ነበረች። በ1991 ዓ.ም. የካቲት ላይ መምህሯ አቶ ኢታና የልብ ድምፅ የተቀዳበት ሲዲ ሰጧትና «አጥኚበት፤ ሰኞ ጠዋት ከልብ ድምፅ ፈተናው በኋላ ትመልሺልኛለሽ» አሏት። ጤነኛ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ የታመመው ምን እንደሚያሰማ ከሥዕል ጋር የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ደብተሯ ላይ የተጻፈው ግን «ነፋስ የሚመስል ድምፅ» የሚል ብቻ ነበር። ነፋስ ደግሞ ስንት ዓይነት ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ከለቡ በሚኒባስ ጎፋ ሄደች። የድሮ ጎረቤቷ ዚነት እዚያ የኮምፒውተር ጽሕፈት ከፍታ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ትጽፋለች። ስፒከር ያለው ኮምፒውተር ውዳሴ የምታውቀው የእሷን ብቻ ነው።

ሲዲው ገባ። ጉር ጉር አለ። የቀይ ልብ ሥዕል ብቅ አለና ወዲያው ጠፋ። በምትኩ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ግራጫ ሳጥን መጣ።

ዚነት አንብባው ደነገጠች። «ሕገ ወጥ ሥራ ተሠርቷል ነው የሚለው! ውዳሴ፣ ይሄ ሲዲ የተሰረቀ ነው እንዴ?»

«የመምህሬ ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን አጠፋን?»

ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። ያው ነው። ሲዲውን አውጥተው በለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት። ያው ነው። ፕሮግራሙን ደምስሰው እንደ አዲስ ጫኑት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ልቡ አሁንም ብቅ፣ ጥፍት። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ውዳሴ ማውሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው።

«ኧረ ቀስ! እንጀራዬ ነው እኮ» አለች ዚነት ቆጣ ብላ።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ጉርሜሳ ተጠራ። መጥቶ ሳጥኑን አነበበና «ፕሮግራሙ ተሰናከለ ማለቱ ነው እንጂ ሌባ አላላችሁም» ብሎ ዘና ብሎ ተቀመጠ። የስክሪኑን ቀለም ቀነሰ፤ ሥዕሉ ሻከረ እንጂ አልቆየም። የድምፅ ካርዱን ነቅሎ ሲሰካው ጭራሽ ስፒከሩም ዝም አለ። ያንን ለመመለስ ብቻ ሌላ ሰዓት ሄደ። ውዳሴ እንባዋ መጣ።

«ቆይ እስቲ፣ ፕሮግራሙን እንተወው» አለ ጉርሜሳ። «ድምፆቹ ለብቻቸው ተቀምጠው ይሆናል።» ሲዲው ውስጥ ገብቶ ፈለገ። አሥራ ሁለት ድምፆች ተገኙ። አንዱን ሲከፍተው ድው ድው የሚል ልብ ክፍሉን ሞላው። ውዳሴ አጨበጨበች። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ ድምፆቹ ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው የጤነኛ፣ የትኛው የበሽተኛ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

ሰባተኛው ሲከፈት ዚነት እጇን አነሳች። «ይሄ የእኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ልቤ። በልጅነቴ ጉሮሮዬን ታምሜ ልቤን ነካኝ። አንዱ የደም መተላለፊያ በሩ በደንብ አይዘጋም። ሐኪሙ አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጎ አሰምቶኛል። እስከ ዛሬ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ።»

ውዳሴ ስንት ዓመት ስታውቃት ይህን አልሰማችም ነበር። ዚነት ጉርሜሳን ውጪ እንዲጠብቅ ነገረችውና በሩን ዘጋች። «በይ፣ አዳምጪኛ!»

ውዳሴ ከቦርሳዋ ማዳመጫዋን አወጣች። ከዚነት ደረት ወደ ስፒከሩ፣ ከስፒከሩ ወደ ዚነት ደረት ተመላለሰች። ከምቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ረጅም «ሹሽሽ» ከሰባተኛው ጋር አንድ ነው። ደም ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰማው ይህ ነው። የጤነኛውን ደግሞ የራሷን ልብ አዳምጣ ለየችው። አሥሩ ሳይታወቁ ቀሩ።

ሰኞ ከቀረቡላት አራት ድምፆች ሁለቱን በእርግጠኝነት መለሰች፤ ሁለቱን ገመተች። ስትወጣ ሲዲውን ለአቶ ኢታና ሰጠቻቸው።

«ተከፈተልሽ?»

«አልተከፈተም።»

«ለእኔም እምቢ ብሎኛል» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ምናልባት ለአንቺ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ውዳሴ ፊቷ ጋለ። «ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ መምህር፣ ቅዳሜን ሙሉ ሰው ሳዳምጥ እውል ነበር» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።