የምድር ቤቱ ቅጠል

«ቅጠሉን ካላነሳህለት አበባው ብርሃን ከየት ያገኛል?»

«ካነሳህበትስ ምን በልቶ ያብባል?»

ከሁለቱ ሰዎች የትኛው የትኛውን እንደተናገረ ኤልመር ኪናኪን አሁን እርግጠኛ አይደለም። ገና ዊላን ሊያገባ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ነበር። ውጭ በረዶ ይወርዳል። እሱ እንጨት ታቅፎ በጓሮ በር ሲገባ የዊላ አባት ሃርላንና ጎረቤታቸው ዴልበርት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን ተክለው ይሟገታሉ። ዊላ ድንች ትልጣለች። ከዚያ አንደኛው፣ «ቆይ ስማኝማ፣ እኔ የምቀነጥሰው መቼ መሰለህ...» ብሎ ጀመረ። ኤልመር እንጨቱን ምድጃው አጠገብ ደረደረና ወጣ። የቀረውን አልሰማም።

መውጣቱ ጨዋነት ነበር። ያኔ ካናቢስ የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ ማብቀል ያሳስራል፤ ስለዚህ በሚኖሩበት በስሎካን ሸለቆ ሰዎች ተክሉን በስውር ስሙ ጠርተው ስለ «ቲማቲሙ» ማውራት ከጀመሩ፣ የማይመለከተው እንግዳ ሳይነገረው ተነስቶ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። ለኤልመር ደግሞ ነገሩ ከጨዋነትም ያልፋል። ወገኖቹ ዱኮቦሮች የሚባሉ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ አያቶቻቸው ጠመንጃ አንነካም፣ አንምልም ብለው ከሩቅ አገር ተሰደው የመጡ። ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቀው «አላውቅም» የሚለው ቃሉ እውነት መሆን ነበረበት። ዊላ ይህን አውቃ ነው ያገባችው። ከጋብቻው በኋላ ተክሉ ያለበትን የምድር ቤቱን በር የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ሆነች። እሱ ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦ ይጋግራል፣ ጎመንና ቀይ ሥር ይቀቅላል፤ ማራገቢያው ከእግሩ ሥር ሲያጉረመርም ይሰማል፣ አይጠይቅም። ሕጉ ተለውጦ ለየቤቱ አራት ተክል ሲፈቀድ እንኳ ልማዱ አልተለወጠም። ዕድሜውን ሙሉ ተክሉ ካለበት ፎቅ በላይ ኖሮ ስለ ተክሉ የሚያውቀው ሽታውን ብቻ ነው።

አሁን ግን መቀስ ይዞ ምድር ቤት ቆሟል።

የዊላ በሽታ ነርቭ የሚበላ ነው። እግሮቿ ከከዷት ወዲህ መራመዱ ቀርቶ መተኛቱም ፈተና ሆነባት፤ ጅማቷ እንደ ገመድ ይከርራል፣ ጉልበቷ ወደ ሆዷ ይታጠፋል፣ ጥርሷን ትነክሳለች። የሐኪሙ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ያፈዛታል እንጂ ጅማቱን አያላላውም። በሱቅ የሚሸጠውንም የካናቢስ ዘይት በየዓይነቱ ሞከሩት፤ አንዱ ያስመልሳታል፣ ሌላው ምንም አይላትም። የሚያላላት አንድ ነገር ነው። አባቷ ጦርነት አልዘምትም ብለው ድንበር ሲሻገሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ዝርያ፣ ዘሩ ሳይዘራ ከቅርንጫፉ እየተቆረጠ እየተተከለ እስከ ዛሬ የኖረው። ከአበባው ያወጣችውን ዘይት በማር ለውሳ ትውጠዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ እግሯ በኤልመር እጅ ውስጥ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

ቅርንጫፍ የሚቆረጥባት የዝርያው እናት ተክል በጸደይ ሞተች። ዊላ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ኤልመር ያን ሁሉ መንገድ በየቀኑ እየተመላለሰ ሲጠይቃት፣ እዚሁ እግሩ ሥር ያለውን በር አልከፈተም። አለመክፈት ለምዶ ነው። ውሃ የሚያጠጣ ሰው እንደሚያስፈልግ አልታሰበውም፤ እሷም በሕመሟ መሃል አላሳሰበችውም። የተረፉት ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ቆርጣ በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ብርጭቆ ውስጥ ያቆመቻቸው አራት ቅርንጫፎች ናቸው። ስትመለስ እየነገረችው ተከላቸው፣ ወደ ታች አወረዳቸው፤ ወገቡ ድረስ አድገው ማበብ ጀመሩ። የአምናው ዘይት ከጠርሙሱ ግርጌ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀርቷል። እነዚህ ከከሸፉ ሌላ የለም።

«አጎቴ ኤልመር፣ ይሄ ተክል ነው ወይስ ጫካ?»

እንዲህ ያለችው የዴልበርት ልጅ ቴስ ናት። ከተማው አጠገብ ፈቃድ ባለው ትልቅ ማብቀያ ውስጥ ትሠራለች። እንቁላል ልታደርስ ብቅ ብትል ኤልመር ለምኖ አወረዳት። መዳፍ የሚያህሉትን ቅጠሎች ገለጥ ገለጥ አድርጋ ውስጡን አየችው። «አየሩ በየት ይለፍ? እኛ ጋ አበባ በያዙ በሦስተኛው ሳምንት እንሸልታቸዋለን። እንደ በግ።»

በተከፈተው በር ከላይ የዊላ ድምፅ መጣ። አልጋዋ ወደ ወጥ ቤቱ ከተዛወረ ቆይቷል። «እናንተ ለምትሸጡት ነው ቴስ። እኔ የምውጠው ነው።»

«ሻጋታ ከያዘውማ የሚሸጥም የሚዋጥም የለም አክስቴ።»

«አባትሽም እንዲሁ ሲል ነው ያረጀው።»

«አርጅቶም አሁንም ይላል። የሚያናግረው ሰው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጠፋበት።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። ቴስ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ለኤልመር በዝግታ፣ «ሃርላን ያበቅሉበት የነበረው ክፍል ደረቅ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡን ታየው የለ? ብትቀድመው ይሻላል» አለችው። «እቀድመዋለሁ» አላት፤ ምኑን እንደሚቀድም ግን አላወቀም።

ዝናቡ አላባራ አለ። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ ቤቶቹን ዋጣቸው፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ በመዳፍ ሲነካ ይረጥባል። አንድ ቀን ጠዋት ኤልመር እየተጣደፈ ወደ ላይ ወጣ።

«ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት።»

«የቱ?»

«ቅጠሉ።»

«ቅጠልማ ሞልቷል፤ የቱ ቅጠል?»

«የታችኛው። ግድግዳው ጥግ ያለችው ላይ።»

«በጣትህ ስትነካው ይጠረጋል?»

ወረደ። ወጣ። «አንዱ ይጠረጋል፣ አንዱ አይጠረግም።»

«አበባው ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጨው የራሷ ሙጫ ነው፤ እሱን ሻጋታ ብለህ እንዳትጠርግብኝ። ቅጠሉ እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው? ጠቆር ያለ ነው ወይስ ወደ ሎሚ የሚያደላ?»

«አረንጓዴ ነው ዊላ።»

«ቀለም ቀቢ ማግባት ነበረብኝ» አለች ወደ ጣሪያው እያየች።

ስልኩን ይዞ ወርዶ ፎቶ አነሳላት። የማብቀያው መብራት ሐምራዊ ስለሆነ ቅጠሉም ግድግዳውም የራሱ አውራ ጣትም አንድ ዓይነት ቀለም ሆነው ወጡ። ዊላ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ አየችው። «ይሄ ምንም አይነግረኝም። ካላየሁ አላውቅም። እስከዚያው አትንካቸው።»

«እንግዲያው ተሸክሜ ላውርድሽ።»

«አይሆንም።»

«ደረጃው አጭር ነው እኮ።»

«ከዚህ ቤት ሰዎች ተሸክመው የሚያወጡኝ አንድ ቀን ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አይሸከመኝም ብዬሃለሁ። በሆስፒታሉ ሰዎች ፊትም ስምል ሰምተኸኛል። እኔ እንዳንተ ወገን አይደለሁም፤ እምላለሁ።»

እንዲህ ስትል እንደማትመለስ ያውቃል። ነርሷ በወንበር ተሸክመን ፀሐይ ላይ እናውጣት ስትልም እንዲሁ ነበር ያለችው፤ ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ አልጋ ራሷን በክንዷ እየጎተተች ነው የምትኖረው። እሱ አጠገቧ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት ያጣል።

በማግስቱ ሁለት ቅጠል ላይ የነበረው ነጭ ነገር ሌሎችም ላይ ታየ። ኤልመር ከተክሎቹ ፊት ቆሞ የሰማውን ለማስታወስ ሞከረ። ቅጠሉን ካላነሳህለት አበባው ብርሃን ከየት ያገኛል። ይህን ያሉት ሃርላን መሰሉት። ድምፃቸው ጎርነን ያለ ነበር፤ ይህም ጎርነን ያለ ድምፅ ሆኖ መጣለት። ሃርላን ካሉት ደግሞ ልክ ነው፤ ዝርያው የሃርላን ነውና። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነና ግድግዳው ጥግ ያለችውን ረጅሟን ያዘ። አንድ ቅጠል፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ያንን የከለለውን። የት ላይ እንደሚቆም የነገረው አልነበረም፤ ሰዎቹ ያን ሲናገሩ እሱ ውጭ እንጨት ይፈልጥ ነበር። መቀሱን ሲያስቀምጥ ረጅሟ ተክል ላባዋ እንደተነጨ ዶሮ ሆና ነበር።

ቀን ሳይሞላት ራሷን ደፋች። ጫፎቿ ወደ ታች ተጠቀለሉ፣ የቀሩት ትናንሽ ቅጠሎች ገረጡ። ውሃ ጨመረላት፤ ባሰባት። ማራገቢያውን አዞረላት፣ መለሰው። ከዚያ ፊቷ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ያያታል እንጂ የሚያደርግላት አልነበረም።

ወደ ላይ ሲወጣ ዊላ ጥያቄዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው።

«ነክተሃቸዋል?»

«አንዷን።»

«የቷን?»

«ረጅሟን።»

«ምን ያህል?»

ኤልመር እጁን ገልብጦ ባዶውን መዳፉን አሳያት። ዊላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። የሾርባው ድስት ምድጃው ላይ ሲንተከተክ ቆየ፤ ማንም አላወረደውም።

ከሰዓት በኋላ እግሯ ከረረ። ከጠርሙሱ ጨልፎ በማር ሊሰጣት ሲል እጁን ያዘችው። «ተወው። እሱ ለባሰ ቀን ነው።»

«ከዚህ የባሰ ምን አለ?»

«አለ» አለች። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። ኤልመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሯን በሁለት እጁ ያዘ። እናቱ ያስተማረችውን መዝሙር በዝቅተኛ ድምፅ ጀመረ፤ በጸሎት ቤታቸው ዳቦ፣ ጨውና ውሃ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ከበው የሚዘምሩትን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መዝሙሩን ትቶ ወደ ጸሎት ዞረ። ምን ብሎ እንደሚለምን አላወቀም። እናቱ ያን ተክል የኃጢአት ሣር ትለው ነበር፤ አሁን እሱ ስለ ሣሩ ቅጠል ሊጸልይ ነው። ጌታ ሆይ አለና ቆመ። ጌታ ሆይ አለና እንደገና ቆመ። እግሯ እንደ እንጨት በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ መዝሙሩም እጁም አላላሉትም።

ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ ለቀቃት። ላቧን በፎጣ ጠረገላት። ዓይኗን ጨፍና ቆይታ፣ «ለምን ነካሃት?» አለችው፤ ቁጣ የለበትም፣ ለማወቅ ነው።

«አባትሽ ሲሉ የሰማሁት መስሎኝ ነው። ያኔ፣ እንጨት ይዤ ስገባ፣ ከዴልበርት ጋር ሲከራከሩ። አንቺ ድንች ትልጪ ነበር።»

«አባቴ ምን ሲል?»

«ቅጠሉን ካላነሳህለት አበባው ብርሃን ከየት ያገኛል ሲሉ።»

«እሱ ዴልበርት ነው።»

ኤልመር ፎጣውን ጭኑ ላይ አጠፈ።

«አባቴ ነው ምን በልቶ ያብባል ያለው። ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ድምፁ ተዘግቶ።» ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣ። «እንጨቱን ደርድረህ እንደ ቄስ ልጅ እግርህን አንስተህ ወጣህ። እኔ በመስኮት እያየሁህ፣ ይሄ ሰው እውነት ሊያገባኝ ነው እያልኩ።»

«ከወጣሁ በኋላስ? መጨረሻው ምን ሆነ? መቼ ነው የሚነሳው አሉ?»

«ምን መጨረሻ አለው? እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። ዴልበርት ተነሳ፣ አባቴ መቀስ ያዘ፣ ተያይዘው ወረዱ። ከታች ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር። ስጠይቀው፣ ወርደሽ እያንዳንዷን ዓይን ዓይኗን ታያታለሽ፣ የጠገበችዋ ትሰጥሻለች፣ የከሳችዋን ተያት አለኝ። ሌላ የነገረኝ የለም።»

ዕድሜውን ሙሉ አመለጠኝ ያለው የወሬው ግማሽ ይኸው ነበር። በሩቅ የሚያዝ፣ ሰው ለሰው በቃል የሚያቀብለው ነገር አልነበረበትም። ኤልመር በተከፈተው በር ወደ ደረጃው አየ። ከታች ሐምራዊው ብርሃን የመጨረሻውን ደረጃ ይነካል።

«እኔ ሳያቸው አራቱም አንድ ናቸው ዊላ። የጠገበችዋንም የከሳችዋንም አላውቃቸውም። ነጩ ነገር ዛሬ መሃለኛዋ ጋ ደርሷል። ብነካ እገድላለሁ፤ ባልነካ ዝም ብዬ ሲሞቱ አያለሁ። እናት ተክሏንም እንዲሁ ነው የገደልኳት።»

«እሷን እኔም ረስቻታለሁ።»

«አንቺ ታመሽ ነው።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ዊላ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ተመለከተቻቸው፤ መቀስ መያዝ አሁንም ይችላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደነዝዛሉ። ከዚያ በሩን አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ኤልመር ምን እያሰበች እንደሆነ ገባው፤ አንድ ቃል ከተነፈሰ ሐሳቧን እንደምትቀይርም ገባው። ስለዚህ ሾርባውን ሊያወርድ ተነሳ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለችው ከጀርባው።

«ይንቋቋል።»

«ብትወድቅ አብረን ነው የምንወድቀው።»

«አውቃለሁ።»

«እንደ ሕፃን ታቅፈህ አይሆንም። በጀርባህ። ፊት ለፊቴን ማየት አለብኝ።»

«በጀርባዬ።»

«ያንን ወይን ጠጅ መብራት አጥፋና ነጩን አምፖል አብራ። ባልዲውን ወደ ግድግዳው ጥግ፣ እሱ ላይ ታስቀምጠኛለህ። ከመሃለኛዋ ነው የምጀምረው። ረጅሟን ሳይ ደግሞ አንድ ቃል እንዳትናገረኝ።»

ኤልመር መብራቱን ቀይሮ ተመለሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበረከከ። ክንዶቿ ወዲያው አልመጡም። ቆይተው በትከሻው በኩል መጡና ደረቱ ላይ ተቆላለፉ፤ ቀለል ያሉ፣ ከጠበቀው በላይ ቀለል ያሉ።

«እሺ» አለችው ጆሮው ሥር። «ተሸከመኝ።»